የወጣቱ ሞት መጫወቻ አይሁን

በጥቂት ገንዘብ ተሠርተው ተመልካችን ለማስደንገጥ የሚቀርቡ ፊልሞች አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው። ጎረምሶችና ኮረዶች አጋንንት አድረውበታል ወደሚባል አሮጌ ቤት ይገባሉ፤ ሌሊቱ ሳይነጋ አንድ በአንድ ይታረዳሉ።

የገንዘብ ማነስን እንደ ጥፋት አንቆጥረውም። የአሜሪካዊው ጆን ካርፐንተር «ሃሎዊን» እ.ኤ.አ. በ1978 ከ400 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ ተሠርቶ ዓለምን ያስደነገጠው ደም በማብዛት ሳይሆን በጨለማ፣ በዝምታና በሙዚቃ ነበር። ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ግን ጥበቡን ትተው ቢላዋውን ብቻ ወረሱ። እኛ የምንነቅፈው የወጣቱ ሕይወት ዋጋ ማጣቱን ነው። ሟቹ ማንነቱ ሳይታወቅ ወድቆ ለሚቀጥለው ሟች ቦታ ይለቃል። ጦር ሜዳ የዋለ ወታደርና ልጅዋን የቀበረች እናት ሞት እንዲህ ቀላል አለመሆኑን ያውቃሉ።

የተለየውን መንገድ በጂቡቲ ከተማ እናገኘዋለን። ጂቡቲያዊቷ ሉላ አሊ ኢስማኤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረበችው «ዳሊንያሮ» የተባለ ፊልም፣ ትርጓሜውም በሶማሊኛ «ወጣቶች» በሆነው፣ ኑሮአቸው የተለያየ ሦስት ልጃገረዶች የመጨረሻውን የትምህርት ቤት ፈተና ይጠባበቃሉ። ወደ ፈረንሳይ መሄድ ይሻላል ወይስ እዚያው ከተማቸው መቅረት? በዚህም ፊልም ውስጥ ፍርሃት አለ፤ ፍርሃቱ ግን የነገ ነው፤ ተመልካቹም የራሱን ልጅ ያይበታል።

የጂቡቲ ወጣቶች ነገ ካሜራ አንሥተው የሚያስፈራ ፊልም ቢሠሩ አንቃወምም። ነገር ግን በፊልሙ የሚሞተው ወጣት ከመሞቱ በፊት ሲኖር ልናየው ይገባል እንላለን።