ጥፋቱ የውሻው ነውን?

አንዲት ሠራተኛ እናት በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጇን ሰሃላ ወደሚኖሩት አያቱ ልካው ነበር። ልጁ ሲመለስ አናቱ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ፣ ጸጉሩ የረገፈ ቆረቆር አየችበት። ከፍየል ጠባቂው ውሻ ጋር ሲጫወት መክረሙንና የውሻውም ጆሮ ጸጉሩ መርገፉን በነገራት ጊዜ፣ ውሻው ቶሎ እንዲወገድ ላከች። አያትየው ግን አልተስማሙም። በዚያ በቆላ አገር ውሻ ከሌለ ፍየሎቹን ከጅብ የሚያስጥል ማን ነው?

እናቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ አለመቸኮል ይሻላል። ከውሻና ከድመት ወደ ልጆች የሚተላለፍ ማይክሮስፖረም ካኒስ የተባለ ፈንገስ መኖሩ እውነት ነው። ከታመመው እንስሳ ጸጉርና ቅርፊት ጋር ይረግፋል፤ በምንጣፍና በአልጋ ልብስ ላይም ለወራት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በአገራችን ልጆች ራስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ግን ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለው ሌላ ፈንገስ ነው። ይኸኛው የሚተላለፈው ከልጅ ወደ ልጅ፣ በማበጠሪያ፣ በቆብና በመላጫ ነው። ውሻው ቢባረር ማበጠሪያው እቤት ይቀራል።

በውሻውም ላይ በዓይን ብቻ አይፈረድም። ጥቃቅን ተባዮች የሚያመጡት እከክም ጸጉር ያረግፋል፤ ነገር ግን እከክ ውሻውን ዕረፍት ሲነሳው፣ ፈንገስ እምብዛም ላያሳክከው ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ቢቻል በጨለማ ክፍል የዉድ መብራት የተባለውን ያበራበታል፤ በማይክሮስፖረም ካኒስ የተያዘ ጸጉር ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አልታየም ማለት ግን ውሻው ነጻ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ከቁስሉ ዳር ጸጉር ነቅሎ፣ ቆዳውንም በስሱ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ይበልጥ የሚያስተማምነው ጸጉሩን በላቦራቶሪ ዘርቶ ፈንገሱን ማብቀል ነው፤ ይህ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ በየወረዳውም አይገኝም። እስከዚያው ውሻው በሥራው ላይ ይቆይ፣ ልጆች ግን አይዳስሱት።

ለልጁ ቅባት ብቻውን አይበቃም። ፈንገሱ የጸጉሩን ሥር ስለሚይዝ፣ ሐኪም የሚያዘው እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለበርካታ ሳምንታት ያስፈልገዋል፤ ቁስሉ የዳነ ቢመስልም አይቋረጥም። ናፍጣና የባትሪ ውሃ የሚቀቡም አሉ፤ የልጅን ቆዳ ማቃጠል ነው።

እናቲቱ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ በወሰደችው ጊዜ፣ ሐኪሙ ስለ ውሻው ከመጠየቁ በፊት ታናሽ እኅቱን እንድታመጣ አዘዛት። ሰሃላን ረግጣ የማታውቀው ሕፃን፣ በሹሩባዋ ሥር የቆየ ቆረቆር ተገኘባት።