ቀነኒሳ ምን ይጠብቅ?

የጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ማግስት፣ እንጅባራ ቡና ቤት ውስጥ ክርክር ገጠምን። የራሳችን የአትሌቶች የዝና አዳራሽ ቢቋቋም፣ ቀነኒሳ በቀለ ወዲያውኑ ይግባ ወይስ ሩጫ አቁሞ ዓመታት ይለፉ?

«ሰው የሚመዘነው በፍጻሜው ነው» አሉ አንድ ጎልማሳ መምህር። ማስረጃም አላጡ፤ የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በ2004 ዓ.ም አዳራሹን ሲከፍት፣ ሯጩ ካቆመ 10 ዓመት ይሙላው ብሎ ነበር።

እኔ ግን የቀረ ሚዛን አይታየኝም። የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰኑ፣ 12፡37.35፣ 16 ዓመት ቆየ። የ10,000ው፣ 26፡17.53፣ 15 ዓመት። ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አለ፤ በዓለም አገር አቋራጭ በግሉ 11 ጊዜ አሸንፏል። በ42 ዓመቱ ፓሪስ ላይ በማራቶን 39ኛ መውጣቱ ይህን ይፍቀዋል? እንዲያውም በዚያ ዕድሜ መሰለፉ ራሱ አንድ ነገር ነው!

መምህሩ ስለ አበረታች መድኃኒት ያነሡት ሥጋት ተራ አይደለም። መላው ግን ቀላል ነው፤ ያጠፋ ይሠረዛል። ሜዳልያስ ይነጠቅ የለ?

መጠበቅ የሚያስከፍለውን እናውቃለን። የዓለሙ አዳራሽ አበበ ቢቂላን ከመጀመሪያዎቹ 12 አንዱ ሲያደርገው፣ ካረፈ 38 ዓመት አልፎት ነበር። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር በ2009 ዓ.ም ቶሮንቶ ውስጥ ሲያርፍ ነው ብዙዎቻችን የ1972ቱን የሞስኮ ድርብ ወርቅ ያስታወስነው። ለአስከሬን አጀብ እንችልበታለን።

«ትናንት ፈረሱ ሲቀድም እልል ያሉት እስኪያረጅ ጠብቀው ነው?» አልኳቸው።

መምህሩ ሣቁ። አልተረቱም፤ የቡናውን ሒሳብ ግን እሳቸው ከፈሉ።