መንበርከክ ስፖርት ነውን?

አማርኛችን እግር የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያና ሰውነት የሚሠራበትን ኃይል ‹‹ጉልበት›› በሚል አንድ ቃል ይጠራቸዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም የጉልበት ሕመምተኛ ሲመጣለት መገጣጠሚያውን ብቻ አይመለከትም፤ የጭን ጡንቻን ኃይል ይመረምራል። ቋንቋውና ሙያው እዚህ ላይ መገናኘታቸው ደስ ያሰኛል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ መለኪያው ነው።

የጉልበት ሕክምና ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለው ጉዳይ በምርምር ዓለም በአብዛኛው የሚወሰነው ሕመምተኞች በሚመልሷቸው መጠይቆች ነው። ከእነዚህ አንጋፋ የሆነውና በካናዳ የተዘጋጀው ዎማክ 24 ጥያቄዎች አሉት። ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ካልሲ ማጥለቅ፣ መኪና ውስጥ መግባትና መውጣት፣ ከገላ መታጠቢያ ገንዳ መውጣት ከሚጠየቁት መካከል ናቸው። ስለ መንበርከክና ቁጢጥ ስለ ማለት ግን አንድም ጥያቄ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ኩስ የተባለው መጠይቅ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ያሰፈራቸው ግን ‹‹ስፖርትና መዝናኛ›› በሚለው ክፍል፣ ከመሮጥና ከመዝለል ጎን ነው።

እስቲ ይህንኑ መጠይቅ ይዘን ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሹም አቦ ሰፈር እንግባ። አንዲት እናት ማለዳ ተነሥታ ዱካ ላይ ተቀምጣ ቡና ታፈላለች፤ ከምጣዱ ሥር ጎንበስ ቀና ትላለች፤ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ትላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ትሰግዳለች። ሙስሊም ጎረቤቷ በቀን አምስት ጊዜ ትሰግዳለች። ገንዳ በሌለበት ቤት ከገንዳ መውጣት ይከብድሽ እንደሆነ ተጠይቃ፣ የዕለት ኑሮዋ ግን ‹‹መዝናኛ›› ተብሎ ሲመዘገብ ምን ትበል?

ነገሩ የመጠይቅ ቀልድ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩበት ነበር። ከመለኪያው ምክር ይወለዳል። ‹‹አትንበርከኩ፣ ቁጢጥ አትበሉ፣ ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ አትቀመጡ›› የሚለው ምክር ከፍ ያለ ወንበርና መጸዳጃ ባለበት አገር ትንሽ ነገር ነው። በእኛ አገር ግን ‹‹ከኑሮ ውጪ›› የማለት ያህል ነው። ልጆችም በፍቅር ‹‹እማማ፣ ከእንግዲህ አይነሡ፤ እኛ እንሠራለን›› ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሥነ ሕይወት በሚገባ ያውቀዋል። ሥራ ያጣ የጭን ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይመነምናል፤ ጡንቻው ሲመነምን መገጣጠሚያው ሸክሙን የሚጋራው ያጣል፤ ሕመሙ ይብሳል፤ ሕመሙ ሲብስ ደግሞ ‹‹ይረፉ›› የሚለው ቃል ይደገማል።

ለመሆኑ ጉልበት ውስጥ ምን ይካሄዳል? የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው፣ በሕክምና አጠራር ካርቲሌጅ የሚባለው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ሸክም ሲያርፍበት ይጨመቃል፣ ሲነሣለት መልሶ ይመጣል፣ እንደ ስፖንጅ። ስለዚህ ፍጹም ዕረፍት ለልም አጥንት ጾም ነው። የሸክሙ መጠን ግን ቀላል አይደለም። በበርሊን ተመራማሪዎች መለኪያ በተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ ጉልበቶች አማካይነት እንዳረጋገጡት፣ በሜዳ ላይ ስንራመድ ጉልበታችን ከሰውነታችን ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይሸከማል፤ ደረጃ ስንወርድ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ይህን ሸክም በሥርዓቱ የሚያሳርፈው በጉልበት ሎሚ በኩል አልፎ ቅልጥም ላይ የሚታሰረው የጭን የፊት ጡንቻ ነው።

በተለይ በዕድሜ የሚመጣውን ኦስቲዮአርትራይቲስ በተመለከተ ማስረጃው ይህን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 54 ጥናቶችን መርምሮ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ሕመምን እንደሚቀንስና ተግባርን እንደሚያሻሽል አረጋገጠ። በ2020 ደግሞ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሕክምና ተቋማት 156 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ፊዚዮቴራፒ ያገኙት ጉልበታቸው ውስጥ የኮርቲዞን መርፌ ከተወጉት ይልቅ ከዓመት በኋላ የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ ኮርቲዞን የተወጉ ጉልበቶች የጨው ውኃ ከተወጉት የበለጠ ልም አጥንት እንዳጡ፣ ሕመማቸውም ተለይቶ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ‹‹መርፌውን ወግታችሁ ገላግሉኝ›› ለሚል ወገን ይህ ሊነገረው ይገባል።

የኮክሬኑ ግምገማ በ2024 ታድሶ ሲወጣ የእንቅስቃሴ ሕክምና ጥቅም በአማካይ መጠነኛ መሆኑን ገልጿል። አማካዩ ግን ብዙ ዓይነት ሕመምተኞችንና ብዙ ዓይነት እንቅስቃሴዎችን አንድ ላይ ቀላቅሎ የተገኘ ነው። በእኔ አስተያየት ሕክምናው ከሰውየው ኑሮ ጋር ሲገጥም ነው ሕመምተኛው ሥራዬ ብሎ የሚይዘው፤ ያልተያዘ ልምምድ ደግሞ አይፈውስም።

የሚገጥመው ሕክምና ምን ይመስላል? ለመራመድ ጉልበት 60 ዲግሪ ያህል መታጠፍ ይበቃዋል፤ ለደረጃ 90 ገደማ፤ ቁጢጥ ለማለት ግን ከ130 በላይ ያስፈልጋል። ‹‹90 ደርሰሻል፣ ድነሻል›› ተብላ የተሰናበተች ሴት ቤቷ ስትደርስ ዱካው ላይ መቀመጥ ያቅታታል። ባለሙያው መሰላሉን ከቤቷ ዕቃዎች ቢሠራላት ይመረጣል። በመጀመሪያ ከወንበር እጅ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ፣ ጡንቻው ሲጠነክር ከመደብ፣ ከዚያ ከፍ ካለ በርጩማ፣ በመጨረሻ ከዱካ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት። በልምምድ ወቅት የሚሰማ መጠነኛ ሕመም አያስፈራም፤ በማግስቱ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ግን መጠኑ በዝቷልና ወደ ታችኛው እርከን መውረድ ነው።

ከዚህ ጋር ስቅለትን ሳላነሣ አላልፍም። ዓመቱን ሙሉ እምብዛም ሳይሰግድ የቆየ ሰው በዚያች ዕለት በመቶዎች የሚቆጠር ስግደት ይሰግድና በማግስቱ ጉልበቱን ይዞ ያቃስታል። ጥፋቱ የስግደቱ አይደለም፤ ያልተዘጋጀ ጡንቻ በአንድ ቀን የተጫነበት ሸክም ነው። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ የሚሰግድ ሰው፣ ሳያውቀው የፊዚዮቴራፒን ዋና ሕግ ይፈጽማል። በሌላ በኩል ቁጢጥ ማለት ሁልጊዜ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። በቤጂንግ አረጋውያን ላይ የተደረገና በ2004 የታተመ ጥናት፣ በወጣትነታቸው በቀን ለብዙ ሰዓት ቁጢጥ ይሉ በነበሩት ዘንድ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይቲስ በርክቶ እንደሚታይ አመልክቷል። ለሰዓታት ዱካ ላይ ተጣጥፎ መዋልና አልፎ አልፎ ዝቅ ብሎ መነሣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ምክራችንም ሊለያቸው ይገባል።

ከተማችን ደግሞ አንድ ያልተጻፈ የሕክምና መሣሪያ አላት። ባሕር ዳር ሜዳ በመሆኗ በብስክሌት የታወቀች ናት። ኮርቻው በልክ ከፍ ካለ ብስክሌት መንዳት በጉልበት ላይ የሚያሳርፈው ሸክም ከመራመድ ያነሰ ሲሆን የጭን ጡንቻን ያሠራል። ሁለት ፌርማታ ለማይሞላ መንገድ ሁሉ ባጃጅ መጥራታችን ለጉልበታችን ውለታ አይደለም።

በኪኒን ረገድ ዳይክሎፌናክን እንደ ቆሎ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ያበጠና የሚያቃጥል ጉልበት ወደ ወጌሻ ለማሸት አይወሰድም፤ በተለይ ትኩሳት ካለው በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው። ከአደጋ በኋላ መቆም ያቃተው ወይም ተቆልፎ አልዘረጋ ያለ ጉልበትም እንዲሁ ነው።

ባለሙያ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በእኛ ክልል መልስ አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ በፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ደረጃ ያሠለጥናል። ባሕር ዳርም ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የተባሉ ትላልቅ ሆስፒታሎች አሏት። የጎደለው ቅደም ተከተሉ ይመስለኛል፤ ሕመምተኛው ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚላከው ኪኒኑም መርፌውም ካልሠሩ በኋላ ከሆነ፣ ባለሙያው የሚረከበው የመነመነ ጡንቻ ነው። ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ አቀርባለሁ። መጠይቆቹን ወደ አማርኛ መመለስ ብቻ አይበቃም፤ መንበርከክን፣ ቁጢጥ ማለትንና ከዱካ መነሣትን ከስፖርት ክፍል አውጥቶ የዕለት ኑሮ ክፍል ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያም በባሕር ዳር ዙሪያ ባሉ ሕመምተኞች ላይ መፈተን ያስፈልጋል። እስከዚያው ድረስ የምርመራ ክፍሉ ጥግ ላይ አንድ ዱካ ማስቀመጥና ‹‹እስቲ ተቀምጠው ይነሡልኝ›› ማለት ወጪ የለውም።