«ለምን እኛን መረጥሽ?» ሲሏችሁ ችግራችሁን አትንገሯቸው

ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። በተለይ ዘንድሮ የተመረቀ ልጅ ያላችሁ፣ እዚህ ዳሚም ሁኑ አገር ቤት፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ናት። በአካውንቲንግ ተመርቃለች። ሲቢኢ ካፒታል መግባት ትፈልጋለች። ለማታውቁት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያቋቋመው የኢንቨስትመንት ባንክ ነው። ለምን እዚያ መሥራት እንደምትፈልግ የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፋ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ «ጋሼ፣ እስቲ እርማት ካለው እየው» ብላ።

አንድ ገጽ ነው። አባቷን በልጅነቷ እንዳጣች፣ እናቷ እንጀራ እየጋገረች እንዳስተማረቻት፣ ታናናሾቿ እሷን እንደሚጠብቁ፣ ዕድሉ ከተሰጣት በታማኝነት እንደምታገለግልና ውለታውን እንደማትረሳ ይዘረዝራል። ሁሉም እውነት ነው። እናቷ እህቴ ናት፤ ምጣዱንም ጭሱንም አውቀዋለሁ። ስለ ባንኩ ግን ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ትልቅና አንጋፋ ተቋም ስለሆነ» ይላል። እሱም ቢሆን የእናት ባንኩ ወሬ ነው። ሲቢኢ ካፒታል ፈቃዱን ያገኘው በ2017 ዓ.ም ነው። ምኑ አንጋፋ ነው?

ይህን ደብዳቤ ሳነብ የሷን እጅ ብቻ አላየሁም፣ የሁላችንንም አየሁ። እኛ ስደተኞች በአንድ ዓይነት ቃለ መጠይቅ ውስጥ አልፈናል። ለምን ወጣህ? ብትመለስ ምን ይደርስብሃል? እዚያ የምትመዘነው በደረሰብህና በሚያሰጋህ ነው፤ ጉዳዩ ጥበቃ ስለሆነ ሌላ ሊሆንም አይችልም። ክፋቱ ያን ወንበር ተሸክመነው መዞራችን ነው። ልጅ ለማስመዝገብም፣ ለስኮላርሺፕም፣ ለሥራም ስንሄድ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ቁስላችንን እንገልጣለን። አገር ቤት ያለው ዘመድም ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ለማውጣት የተማረው ቋንቋ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ልጆቻችን ሲመረቁ ይህንኑ ይወርሳሉ።

ባንክ «ለምን እኛን?» ሲል ማን ይበልጥ ተቸገረ ብሎ እየጠየቀ አይደለም። «እዚህ ምን እንደምንሠራ ገብቶሻል ወይ?» ነው የሚለው።

ምንድን ነው የሚሠሩት? እንደ አስተማሪነቴ ትንሽ ላብራራ (አገር ቤት 11ኛና 12ኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ ነበር የማስተምረው፣ ጠመኔው ከእጄ አልወጣም)። ኢንቨስትመንት ባንክ ደብተር ከፍታችሁ ብር የምታስቀምጡበት አይደለም። አንድ ፋብሪካ ለማስፋፊያ ብዙ ገንዘብ ቢፈልግ ወይ ይበደራል፣ ወይ አክሲዮን ወይም ቦንድ ለሕዝብ ይሸጣል። ዋጋው ስንት ይሁን፣ ለማን ይሸጥ፣ ገዢው ከመግዛቱ በፊት ምን ማወቅ አለበት፣ ይህን ሁሉ የሚያሰናዳው ኢንቨስትመንት ባንኩ ነው። አንዳንዴም «ያልተሸጠውን እኔ እወስዳለሁ» ብሎ ይዋዋላል። የዕቁብ ዳኛ አስቡ። ገንዘቡ የሱ አይደለም፤ ግን ማን ይከፍላል፣ ማን ይጠፋል፣ ማን ዋስ ይጥራ የሚለውን አጣርቶ ካላወቀ ዕቁቡ ይፈርሳል።

ይህ ሥራ ለአገራችን አዲስም አሮጌም ነው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይገበያይ ነበር። ደርግ በ1967 ባንኮቹንና ኩባንያዎቹን ሲወርስ ነገሩ ቆመ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የወጣው በ2013 ዓ.ም ነው፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራውን ያስጀመረው ደግሞ ጥር 2 ቀን 2017። ሃምሳ ዓመት ያህል ማለት ነው። የዛሬ ተመራቂ ወላጆቿም አያቶቿም ያልሠሩበትን ሥራ ነው የምታመለክተው፤ ስለዚህ «ልምድ የለኝም» ብላ መሸማቀቅ የለባትም። ማን አለው?

እና ምን ትጻፍ? እኔ የነገርኳት የኢትዮ ቴሌኮምን ሽያጭ አጥኚ ብዬ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2017 በቴሌብር የተጀመረው። 100 ሚሊዮን አክሲዮን ቀረበ፣ አንዱ 300 ብር። ጊዜው ተራዝሞ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ 3.2 ቢሊዮን ብር፤ ገዢዎቹ 47,377 ሰዎች። ትርፋማ ነው የሚባል፣ አገር ሁሉ የሚያውቀው ድርጅት፣ እንዲያም ሆኖ ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ተሸጠ። ለምን? ሰፈርሽ ውጪና ጠይቂ አልኳት። ጠየቀች። ሱቅ ያለው ጎረቤታቸው «ትንሹ መግዣ 33 አክሲዮን ነው፤ 9,900 ብር በአንዴ ከየት አባቴ ላምጣ?» አለ። አንዲት ጡረተኛ ደግሞ «ብሩን በፈለግሁ ጊዜ ለማን መልሼ እሸጠዋለሁ?» አሉ። ይህቺ የጡረተኛዋ ጥያቄ የገበያው ዋና ጥያቄ ናት! መጽሐፍ ያላነበቡ ሴትዮ ናቸው የጠየቁት። በዚህ የሚጀምር ደብዳቤ የሚያነብ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ቀና ይላል ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ «ለምን ይህኛው ባንክ?» አለ። በዚያው ሰሞን ወጋገን ካፒታልም ፈቃድ አግኝቷል፤ በገበያው ላይ መጀመሪያ የተመዘገበው አክሲዮንም የወጋገን ባንክ ነው። የሲቢኢን ስም ሰርዛችሁ የወጋገንን ብትተኩበት ደብዳቤው ያው ከሆነ፣ ደብዳቤው ለማንም አልተጻፈም ማለት ነው። የእህቴ ልጅ አሁን የያዘችው ምክንያት ቅርንጫፎቹ ናቸው። ንግድ ባንክ ወደ 2,000 የሚጠጋ ቅርንጫፍ አለው፤ ደብተር ያለው ግን አክሲዮን የሚባል ነገር አፍንጫው ሥር ደርሶ የማያውቅ ገበሬና ነጋዴ እዚያ ነው የሚሰለፈው። «ያን ሰው ሳላታልለው እንዴት ባለአክሲዮን ላደርገው እችላለሁ የሚለውን መሥራት እፈልጋለሁ» ብላ ጽፋለች። «ሳላታልለው» የምትለዋን ቃል እኔ አይደለሁም ያስገባኋት።

ድክመቱንም እንድታውቅ ነግሬያታለሁ። እናት ባንኩ ለዓመታት ለመንግሥት ድርጅቶች ሲያበድር የኖረ ነው፤ ያ ዕዳ ተከማችቶ በ2017 በመንግሥት ቦንድ እንዲተካ ፓርላማ እስከ ማጽደቅ ደርሷል። አፍ አውጥተው ቢጠይቋት ሳትሳደብም ሳታወድስም መመለስ አለባት። ማሞገስ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሰው ገንዘብ አይያዝ።

እዚህ ላይ ኮሜንት የምትጽፉልኝን ከወዲሁ አውቃችኋለሁ። «አንተ ከዚያ ሸሽተህ፣ እሷን የመንግሥት ባንክ ግቢ ትላለህ?» የሸሸሁት እኔ ነኝ። እሷ አልሸሸችም፣ እዚያ መኖር ትፈልጋለች፣ መብቷም ነው። በዚያ ባንክ ውስጥ የተቀመጠው ብር የሹማምንት ብቻ አይደለም፤ የእናንተ እናቶች የላካችሁላቸውን የሚያወጡበት ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ በትክክል የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። እህቴ «በአንተ ፖስት ልጄን እንዳታስጠምድብኝ» ብላ ፈርታለች፤ ስሟንም ዩኒቨርሲቲዋንም የማልጽፈው ለዚህ ነው። እናንተም የምታውቋት ኮሜንት ላይ አትጥሩብኝ፣ አደራ።

ለመሆኑ የገንዘብ ሥራ ለስደተኛ ሩቅ ነው ያለው ማነው? ማርከስ ጎልድማን በ1848 (እ.ኤ.አ.) ከባቫሪያ ወደ አሜሪካ የሄደ ስደተኛ ነበር፣ ዕቃ እያዞረ ይሸጥ ነበር። በ1869 ኒውዮርክ ውስጥ የነጋዴዎችን የዕዳ ወረቀት እየገዛ መሸጥ ጀመረ፤ የዛሬው ጎልድማን ሳክስ ከዚያ መጣ። ይሄ ሩቅ ነው ካላችሁ ዳሃብሺልን ተመልከቱ፣ ሁላችንም የምንሰለፍበትን። መሥራቹ መሐመድ ሰዒድ ዱዓሌ የቡርኦ ነጋዴ ነበር። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ቡርኦና ሐርጌሳ በቦምብ ሲደበደቡ ያፈራውን ጥሎ የተሰደደው ወዴት ነው? ወደ ኢትዮጵያ። እዚያው ስደት ላይ ሆኖ ለወገኖቹ ገንዘብ እያስተላለፈ እንደገና ጀመረ። እኛ አሁን ከሱ አገር ተቀምጠን በሱ መስኮት እንቀበላለን። ይህን ሳስብ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

የዳሚ ልጆች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እዚህ ብዙ በር በወረቀት ምክንያት እንደሚዘጋብን አውቃለሁ፤ ደብዳቤ ወረቀት አይተካም። በሩ ገርበብ ባለበት ቦታ ግን «ስደተኛ ስለሆንኩ ዕድል ስጡኝ» ብላችሁ አትግቡ። እናንተ በሦስት ገንዘብ የምትኖሩ ልጆች ናችሁ። በዛድ ዶላር ትልካላችሁ፣ መንገድ ዳር እንደ ጡብ ከተደረደረው ሽልንግ ትመነዝራላችሁ፣ ለአገር ቤት በብር ታሰላላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ ከእናንተ አንዱ የተማሪ ወንበሬ ላይ ሆኖ የጠዋቱንና የማታውን ምንዛሪ በደብተሩ ጠርዝ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ማንም አላዘዘውም። ያ ደብተር ከየትኛውም የችግር ታሪክ ይልቅ በሐዋላ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ይዞት ከሄደ።

የእህቴ ልጅ ሁለተኛውን ደብዳቤ ልካለች፤ ስለ እናቷ የቀረው አንድ መስመር ነው፣ የእንጀራውን ገቢና ወጪ ከ14 ዓመቷ ጀምሮ እሷ ትመዘግብ እንደነበር የሚለው። እሱን እንዳታወጪው ብያታለሁ። መልስ ገና አልመጣም።

ማመልከቻ እየጻፈ ያለ ልጅ ካላችሁ ኢንቦክስ ላኩልኝ፣ ዓርብ ዓርብ ክፍት ነኝ። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም አያለሁ። ከመላካችሁ በፊት ግን ስለ ድርጅቱ የሚያወሩትን ዓረፍተ ነገሮች ቆጥራችሁ ቁጥሩን ከላይ ጻፉልኝ።