ጎርፉን በደቦ እንተውነው

የዴንቨር፣ የኦሮራና የሊትልተን ወገኖች! ስለ ጎርፍ፣ ስለ እርሻና ስለ መሬት አንድ ቲያትር በደቦ እንሥራ።

“ደራሲው ማነው?” የሚለኝ አይጠፋም። ሁላችንም ነን። ደቦ ላይ አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የአጫጁ ክንድ ሲዝል ዜማው ያነሣዋል። ቲያትሩም እንዲሁ ይሠራ። አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ጽፎ እስኪያመጣልን አንጠብቅ። እያንዳንዱ ትዝታውን፣ የአገሩን የእርሻ ዜማ ይዞ ይምጣ፤ ልምምዱ ራሱ ይሰፋዋል።

ታሪኩ እዚሁ ደጃችን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1965 ከሊትልተን በስተደቡብ ከባድ ዝናብ ጣለ። ፕለም ክሪክ የሚሉት ጅረት ሞልቶ ሳውዝ ፕላት ወንዝን አሳበጠው፤ ወንዙም ድልድዩንና ቤቱን እየጠራረገ ዴንቨር ገባ። የዚያ ሰሞን ጎርፍ ጥፋት 540 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። ከዚያ ወዲያ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የቻትፊልድን ግድብ ሠሩ፤ ከግድቡ በታች ያለውንም ወንዝ ቀጥ ያለ ቦይ ሊያደርጉት አሰቡ። የሊትልተን ሰዎች ግን እምቢ አሉ። ወንዙ ሲሞላ ውሃው የሚተኛበት ሜዳ ይተውለት፣ ዳርቻው ሣርና ዛፍ ይሁን ብለው ሞገቱ፤ ኮንግረስም በ1974 ፈቀደላቸው። ዛሬ ልጆቻችንን ይዘን የምንንሸራሸርበት ሳውዝ ፕላት ፓርክ የዚያ እምቢታ ፍሬ ነው። እኔን ከግድቡ ይልቅ ሙግቱ ይስበኛል። ለመድረክ የተሠራ ነው፤ ወንዙስ በሸንጎው መካከል ቆሞ ስለ ራሱ ቢናገር?

ቀደም ብሎም፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1864፣ ቼሪ ክሪክ በሌሊት ዴንቨርን መትቷል። ሰፋሪዎቹ ደረቁን አሸዋ አምነው፣ የሮኪ ማውንቴን ኒውስ ጋዜጣን ማተሚያ ሳይቀር እዚያው ወንዙ መሄጃ ላይ አቁመውት ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት! የደቻቱ ወንዝም በበጋ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከተማው በተኛበት ደርሶ ከ250 በላይ ነፍስ ወሰደ። ከላይ ያሉት የሐረርጌ ተራሮች ተራቁተው ስለነበር ዝናቡን የሚይዘው አልነበረም። እነዚህን ሁለት ሌሊቶች ጎን ለጎን መድረክ ላይ ማቆም ከእኛ የተሻለ ማን ይችላል?

እንግዲህ ኑ! ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳውን ሲውጡት ያየ የፎገራ ልጅ፣ ና። እርከን ስትክብ ያደግህ የኮንሶ ሰው፣ ድንጋዩ እንዴት እንደሚቀመጥ መድረክ ላይ አሳየን። ሌሊት ሆስፒታል የምታድሪ፣ ቀን ታክሲ የምትነዳ፣ “ጊዜ የለኝም” አትበሉ፤ የሁለት ደቂቃ ታሪክ ስልካችሁ ላይ ቅዱና ላኩ። እማማና አባባ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሰማዩን እንዴት ታነቡት እንደነበር ንገሩን። አማርኛ የሚያስቸግራቸው ልጆች በእንግሊዝኛ ይጠይቁ፤ አያት በአማርኛ ይመልሱ፤ ትዕይንቱ እሱው ነው። 1965ን የሚያስታውሱ የሊትልተን ሽማግሌ ጎረቤቶቻችንንም እንጥራ፣ ተመልካች ብቻ እንዳይሆኑ።

ለልምምድ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይበቃናል። ዓይናችን ግን ሊትልተን ዋና መንገድ ላይ ይሁን፤ የቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ዛሬ ቲያትር ቤት ነው። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው ጥሩ። ከበሮ ያለው ከበሮውን አይርሳ።