እርሳስ ይዞ ዘጌ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ ዘጌ የሚወርድ ጎብኚ የሚያደርገው ይታወቃል። በቡናው ጫካ ውስጥ አቀበቱን ይወጣል፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ስልኩን ያወጣል፤ መቅደሱን አንድ ጊዜ ዞሮ ያገኘውን ሁሉ ያነሣል። ጀልባው እየጠበቀው ስለሆነ ይቸኩላል። ሥዕሉን የሚያየው ማታ ሆቴሉ ገብቶ ነው፤ ያውም ካየው።

እኔ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ትቼ እርሳስና ደብተር ይዤ እገባለሁ። ሠዓሊ ሆኜ አይደለም። የምነድፈው ፈረስ በቅሎ ይመስላል፤ በቅሎዬ ምን እንደምትመስል ባልናገር ይሻላል። ግን እርሳስ የያዘ ሰው የግድ አንድ ቦታ ይረጋል፤ እነዚያ ሥዕሎችም የተሠሩት መቋሚያ ተደግፎ ሌሊቱን ለሚያነጋ ሰው እንጂ ለአላፊ አግዳሚ አይደለም።

በክቡ ቤተ ክርስቲያን መሐል መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ቆሟል፤ ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። በሩን መላእክት ሰይፍ መዘው ይጠብቃሉ። በላዔ ሰብእ አለ፤ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ የዳነው፣ የካቲት 16 ታሪኩ የሚነገርለት። ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ አለ። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣል አስጎብኚው ሁሉ ይናገራል። ለእኔ ነገሩ የገባኝ ስነድፈው ነው። ሰይጣንን ስነድፍ እንደልቤ ነኝ፤ ወደ ሌላ ነው የሚያየው፣ ከእኔ ጋር ጉዳይ የለውም። ቅዱሱ ጋ ስደርስ ግን እጄ ይያዛል። እያየኝ ነዋ! የሚጸለይበት ሥዕል መልሶ ማየት አለበት።

አንድ አረጋዊ መነኩሴ ከኋላዬ መጥተው ደብተሬን ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የጊዮርጊስን ጦር አሳጠርሽው እኮ፤ ዘንዶው ጋ አልደረሰም» አሉኝ። አስረዘምኩት። ከዚያ በኋላ ዝናብ የሚገባበትን ጥግ፣ ከግድግዳው መላቀቅ የጀመረውን ጨርቅ እየዞሩ አሳዩኝ። ስልክ ደቅኖ ለሚያልፍ ሰው ይህን የሚያሳይ የለም።

ጨርቅ ማለቴ፣ የጣናና የጎንደር አድባራት ሥዕል በአብዛኛው የተሣለው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። አሣሣሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ልዩነቱን ደግሞ እርሳስ ከመጽሐፍ በተሻለ ያስተምራል። የመጀመሪያው የጎንደር ዘመን ሥዕል በመስመር ብቻ ያልቃል፤ ጠርዙን በደንብ ካወጡ ሥራው ተሠራ። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግን የሁለተኛው ዘመን ነው። እዚያ እቴጌዋ ራሳቸው ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የፊቱ ጥላ፣ የልብሱ እጥፋት፣ የጨርቁ ጌጥ በመስመር አይያዝም፤ እርሳሱን አጋድሞ ቀስ እያሉ ማጥቆር ያስፈልጋል። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ የእርሱን ከጀልባ ላይ ዛፉን ብቻ ነድፌ አልፋለሁ።

መንደፍ ሁልጊዜ ንጹሕ ሥራ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ሳለ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወስዷል። ጨርቅ ናቸውና ተላቀው ተጓዙ። ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊ ደግሞ በቦታቸው የሚተኩ ቅጂዎችን ሣለ። ዋናው ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሩ ከእኔ እጅግ የተሻለ እጅ እንደነበረው አልጠራጠርም፤ ሳይቸኩል፣ ተጠንቅቆ ሣለ፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የዋለው ግን ለመውሰጃ ነው። ቅጂውን ለባለቤቱ ትቶ ዋናውን ይዞ መሄድ! የእኔ ፈረስ በቅሎ መምሰሉ አንድ ጥቅም አለው፤ ማንም በዋናው ቦታ ሊሰቅለው አያስብም።

ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ልጆችን በአውቶቡስ ሞልተው ወደ ገዳማት ይወስዳሉ፤ ደግ ያደርጋሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ እርሳስና ወረቀት ቢሰጡና ከአንድ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ቢያስቀምጧቸው ወጪው ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ አይበልጥም። የዘጌ ልጆችም አሉ፤ ለጎብኚ መንገድ የሚያሳዩት። እነርሱ ቢጀምሩት ደግሞ ከማናችንም ይበልጣሉ፤ ሥዕሉ ደጃቸው ነው።

ለመሄድ ያሰበ ጠዋት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ይሂድ፤ በሮቹ ሲከፈቱ ብርሃኑ ጥሩ ነው። የንግሥ ዕለት መንደፊያ ቦታ አይገኝም። ፈቃድ ከአባቶች ይጠየቃል። የውኃ ቀለምና ብዕር ውጭ ይቅር፤ አንዲት ጠብታ ብትፈናጠቅ በላጲስ አትለቅም።