የብረት ነውር ሳይሰበር ይታወቅ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይባላል። ተረቱ ሥራን በጊዜው ስለ መሥራት የተነገረ ቢሆንም፣ በጋሞ ደጋ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሌላም ምሥጢር አለው። ቀጥቃጩ ያረጀ የመኪና ባሌስትራ አግሎ ዶማ ሊያደርገው ሲመታው፣ ብረቱ ፍም መስሎ ሳለ ከተሰነጠቀ ክፉ መሆኑን ያውቃል።

የዛሬው ሊቅም የሚመረምረው ይህንኑ ነው። በብረት ውስጥ ድኝ ሲበዛ ብረቱ በጋለ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ፎስፎረስ ሲበዛ ደግሞ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ለድኙ መድኃኒቱ ማንጋኒዝ መጨመር ነው። ፎስፎረሱን ግን እንግሊዛዊው ሲድኒ ጊልክራይስት ቶማስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1870ዎቹ ዓመታት ምድጃውን በዶሎማይት ድንጋይ ለብጦ፣ ኖራ ጨምሮ አስወጣው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ከብረቱ ቁራጭ ተወስዶ እንደ መስተዋት ይወለወልና በማይክሮስኮፕ 100 ጊዜ ጎልቶ ሲታይ በውስጡ የቀረው ቆሻሻ ይገለጣል። በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሠራው መሣሪያ ደግሞ ከብርሃኑ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን ይለያል። ለግንባታ ብረት በብዙ አገር ደንብ የሚፈቀደው ድኝ ከመቶ 0.05 ያህል ነው፤ ይኸውም በ1 ቶን ብረት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ የሚያልፈው ጥቂት ነገር ሕንፃን ያህል ነገር ለአደጋ ይዳርጋል።

አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። ምድር በምትንቀጠቀጥበት አገር የቤት ብረት ከመሰበሩ በፊት መጉበጥ ይገባዋል፤ ነውረኛ ብረት ግን ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲቲዩት ሆኖ የተከፈተው የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችን ያስመርቃል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ነገ በየጽሕፈት ቤቱ ተቀምጠው በብረት መረከቢያ ላይ ይፈርማሉ።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ወረቀቱ ማኅተም ስላለው ብቻ ብረቱ ንጹሕ አይሆንም። ከየጭነቱ ናሙና ይወሰድ፤ ይጉበጥ፣ ይሳብ፣ ይመርመር። ሥራው ይዘገያል የሚሉ አሉ። የፈረሰውን መልሶ መሥራት ግን ይበልጥ ያዘገያል፤ የሞተውንም ሰው አይመልስም።

በጋሞ ደጋ ብረት ቀጥቃጩ ለብዙ ዘመን ከመሬትና ዱቡሻ ከሚባለው ሸንጎ ተለይቶ፣ ዝቅ ተደርጎ ኖሯል። እርሱ ግን ክፉ ዶማ ሸጦ ጎረቤቱን ፊት ለፊት ማየት ስለሚያፍር ብረቱን አስቀድሞ ይፈትነዋል። ወጣቱ ሹም ይህን ኀፍረት ከተናቀው ሰው ቢማር ክብሩ ከፍ ይላል እንጂ አይጎድልም።